ጋሽ ዘውዴ ለፀሐይ ደጅ ሲጠኑ

ሕሊና ደውላ "አባዬ አረፈ" ስትለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ ቀድሞ ያመለጠኝ "በማን ፊርማ?" የሚል ነው። አባቷ የሞተባት ልጅ እኮ ናት!  ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሳቋን ተከትሎ ልቅሶ መጣ፤ ልቅሶው መሃል ደግሞ እንደገና ሳቅ። እኔም ቶሮንቶ፣ ወደ ሬክስዴል ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ እንደ እሷው አደረገኝ። አጠገቤ ተቀምጣ የነበረች ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ኋላ ሄደች፤ አልፈርድባትም።

"በማን ፊርማ?" የአባቷ የጋሽ ዘውዴ ጥያቄ ነበር። ነገ በረዶ ሊጥል ነው ሲሏቸው "በማን ፊርማ?" ይላሉ። እንቁላል ተወደደ ሲባሉም "በማን ፊርማ?" ነው። አንድ እሑድ ቄሱ ጾሙ ነገ ይገባል ብለው ሲያውጁ፣ ከኋላ ሆነው በሹክሹክታ ያንኑ ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ከሳቸው ጋር የተዋወቅሁት በተከራይነት ነው። ከዳንፎርዝ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። አዲስ አበባ ሳሉ የአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ወረቀት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ይወጣል፤ ለጋሽ ዘውዴ ዓለም ማለት ይኸው ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ ገቡ፤ ገብተውም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፓርኪንግ ሠሩ። ጡረታ ሲወጡ የሚመሩት መሥሪያ ቤት ስላጡ ቤታቸውን መሥሪያ ቤት አደረጉት።

እውነቴን ነው! በቤዝመንቱ በር ሥር ደብዳቤ ይገባልኛል። "ለወይዘሪት ሰናይት። ጉዳዩ፦ የቆሻሻ ገንዳ ስለማውጣት። በዚህ ሳምንት ሰማያዊውን ገንዳ የማውጣት ተራ የእርስዎ መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን።" እናስታውቃለን! እነማን ናቸው የሚያስታውቁት? ላይ ቤት ያሉት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ ብቻ ናቸው። ከግርጌው ደግሞ "ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ሙሉነሽ" ይላል። እትዬ ሙሉነሽ ግልባጩን ተቀብለው ትኩስ ድስት ያስቀምጡበታል። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ያ ሁሉ "እርስዎ" ቀርቶ "አንቺ ልጅ" ነኝ።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ሕሊና። ባንክ ትሠራለች፣ መሃል ከተማ ከፎቅ ጫፍ ላይ ባለ ኮንዶ ብቻዋን ትኖራለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ፈሪ ናት። አባቷ የጣሪያውን አሸንዳ ከቅጠል ሊያጸዱ ወጥተው ከመሰላል ከወደቁ ወዲህማ ፍርሃቷ ባሰ። ጎናቸው ላይ ትንሽ ሰንበር ብቻ ነበር የወጣባቸው፤ እሷ ግን ቤቱን ለማሸጥ ቆርጣ ተነሳች።

"አባዬ፣ ይኼ ሃውስ በዝቶባችኋል። ኮንዶ ልፈልግላችሁ። ኤሌቬተር አለው፣ በር ላይ ሰኪዩሪቲ አለው።"

"በር ላይ ዘበኛ ያለው ማረሚያ ቤት ነው" አሉ ጋሽ ዘውዴ፣ እንጀራቸውን እየጠቀለሉ።

"ሲሪየስሊ ነው የምልህ! ከሰው ጋር ሳትጣላ፣ ሰው ሳይረዳህ አንድ ነገር መጨረስ አትችልም እኮ።"

ይኼ ነገር ከነከናቸው። እጃቸውን ታጥበው መጡና፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ሊያስተክሉ ማሰባቸውን ያኔ ነገሩን። ሕሊና ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበችና ውል አቀረበች። ሶላሩን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ራሳቸው አስፈቅደው እስከ ምስጋናው በዓል፣ እስከ ታንክስጊቪንግ፣ ፈቃዱ በእጃቸው ከገባ፣ ስለ ኮንዶ ሁለተኛ አታነሳም። ካልሆነ ቤቱ ይሸጣል። በሳቸው ፈንታ እሷም ስልክ አትደውልም፣ እኔም ኢሜይል አልጽፍም።

ጋሽ ዘውዴ ምን አደረጉ? ቃለ ጉባኤ ያዙ! አራታችንም ፈረምን። እኔ በምስክርነት ነው የፈረምኩት፤ ልቤ ግን ቤዝመንቴ ጋ ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ በዚያ ኪራይ ሌላ ቤዝመንት ከየት ይመጣል? ያም ቢቀር ደግሞ እነዚያን ሁለት ሽማግሎች ኮንዶ ውስጥ ላስባቸው ብል አልታይ አሉኝ። ጋሽ ዘውዴ አጥር ካላዩ፣ ቲማቲማቸውን ካልተቆጡ፣ ለጎረቤት "ስለ ውሻዎ ጩኸት" ብለው ደብዳቤ ካልጻፉ ምን ሊሆኑ ነው?

ሶላር መትከሉ ቀላሉ ነው። ሠራተኞቹ መጥተው ጣሪያው ላይ ሰቅለውት እብስ አሉ። ጣጣው ከከተማው መስመር ጋር ማገናኘቱ ነው። እዚህ አገር መብራትን ሃይድሮ ነው የሚሉት፤ እና ለሃይድሮዎቹ ማመልከቻ ይገባል፣ ንድፍ ይታያል፣ ኢንስፔክተር ይመጣል፣ ቆጣሪ ይቀየራል። "ተፈቅዷል" እስኪባል ድረስ ማብራት ክልክል ነው። ሌላው ሰው ይህን ሁሉ ለተከለው ካምፓኒ ጥሎ ይተኛል። ጋሽ ዘውዴ ግን "ቃለ ጉባኤው ራሴ እንድጨርስ ነው የሚለው" ብለው ካምፓኒውን አሰናበቱና፣ በሁለት ጣት እየለቀሙ ማመልከቻውን ኮምፒውተር ላይ ሞሉ። መጨረሻው ላይ አስተያየት ካለዎት የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፤ ባዶውን መተው ይቻላል። እሳቸው ከልደታቸው ጀምረው ጻፉበት።

በማግስቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ወጡ። እትዬ ሙሉነሽ ደንግጠው "ሰናይት፣ ተከተይው እስቲ፣ የት ሊሄድ ነው?" ብለው ላኩኝ። ተከተልኳቸው። የት ሊሄዱ ነው! ሃይድሮ ቢሮ ደጅ ሊጠኑ!

መግቢያው ላይ ያለው ጥበቃ ደግነቱ ያገራችን ሰው ሆነ፤ አብዱ ይባላል፣ የሐረር ሰው ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ ባለጉዳይ አይስተናገድም። ሁሉም ነገር ኦንላይን ነው" አላቸው።

"አውቃለሁ። ፋይሌ ከላይ ነው ያለው?"

"ኮምፒውተር ውስጥ ነው።"

"ኮምፒውተሩስ ከላይ ነው?"

አብዱ እኔን አየኝ። "እሱስ... ከላይ ይመስለኛል።"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ" ብለው ቁጭ አሉ።

ማን ያንቀሳቅሳቸው! "አንቺ ልጅ፣ አንቺ አታውቂውም፤ እኔ ከወዲያኛው በኩል ተቀምጬ ኖሬበታለሁ" አሉኝ። "ባለቤቱ የማይታይ ፋይል ከሥር ይገባል። ፊቱን በየቀኑ የምታይው ሰውዬ ግን ሕሊናሽን ይቆረቁርሻል፤ እሱን ለመገላገል ስትይ ታወጪለታለሽ።" ከዚያ ወዲያ ሥራ ብለው ያዙት። ጠዋት ሄደው ይቀመጣሉ፤ የሚገባውም የሚወጣውም ሠራተኛ ሲያልፍ ብድግ ብለው እጅ ይነሳሉ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ቆይተው "ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር ዘውዴ" ማለት ለመዱ። አንዷ ኬክ ብታመጣላቸው "ተገልጋይ ከመሥሪያ ቤት አይበላም" ብለው መለሱላት። አብዱ ይህንን ሲተረጉምላት እንዴት እንዳላበው ነግሮኛል።

ማመልከቻው በደጅ ጥናቱ ይሁን በራሱ ጊዜ እንጃ፣ አለፈ። ቀጥሎ ኢንስፔክሽን መጣ፤ ይህን የሚሠራው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እትዬ ሙሉነሽ ከማለዳ ተነስተው ጥብሱን፣ ክትፎውን፣ አይቡን ደረደሩ። ኢንስፔክተሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ብላ ሲሉት "ኖ ታንክ ዩ"፤ ሻይ ሲሉት "ኖ ታንክ ዩ"፤ ውሃ እንኳ "ኖ ታንክ ዩ"።

ጋሽ ዘውዴ ወደ ጓዳ ጎትተውኝ ገቡ። "ውሃ እምቢ ካለ አልቆልናል" አሉ። "ሊጥለን ነው የመጣው።"

"ጋሽ ዘውዴ፣ እዚህ አገር እኮ ከሰው ቤት መብላት አይፈቀድላቸውም!"

"ውሃ፣ አንቺ ልጅ! ውሃ!"

ጉዱ ደግሞ ሰውዬው እውነትም ጣላቸው። ምክንያቱን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ሽቦው ጤነኛ ነው፣ ሥራው ጤነኛ ነው፤ ቆጣሪው አጠገብ መለጠፍ የነበረበት የማስጠንቀቂያ ስቲከር ስለሌለ ነው። ሌላ ነገር ቢሆን ችለውት ነበር። "በመለያ ጽሑፍ! እኔን! ዘውዴን!" አሉና ከነሙሉ ልብሳቸው ገብተው ወደ ግድግዳ ዞረው ተኙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋይል ላይ መለያ ሲለጥፉ የኖሩ ሰው ናቸዋ!

ሲነሱ ግን ቤቱን አለበሱት። ቆጣሪው ላይ የሚፈለገውን ስቲከር ለጠፉ፤ እዚያ ላይ አላቆሙም። "ይህ ማብሪያ ነው።" "ይህ ማብሪያ አይደለም።" "ይህ ቧንቧ ነው፤ ጉዳዩ አይመለከተውም።" በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የኔ በር ላይ "የተከራይ መግቢያ፤ አደጋ የለውም" የሚል ተለጠፈ። እትዬ ሙሉነሽ "እኔ ግንባር ላይ ምን ልትጽፍ ነው?" ብለው ጠየቋቸው። ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን እየዞረ እያንዳንዱን አነበበ፤ ቲማቲሞቹ ላይ የተለጠፈው ጋ ሲደርስ ያ የማይስቅ ሰውዬ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሳለፋቸው። ውሃም ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ከሃይድሮ ወሬ ጠፋ። የመጨረሻው ፈቃድ፣ ውሉ ተፈርሞ ቆጣሪው የሚቀየርበት፣ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ፣ ታንክስጊቪንግ ደረሰ። ጋሽ ዘውዴ ደብዳቤ መጻፍ ተዉ። የሰማያዊው ገንዳ ተራዬን ረስቼ አሳለፍኩት፤ ማንም አላስታወቀኝም። ያኔ ነው የፈራሁት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጓሮ ቆመው ጣሪያው ላይ ያሉትን ሶላሮች ሽቅብ ሲያዩ አገኘኋቸው። "አየሻቸው? ሥራ የላቸውም፤ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ" አሉኝ። "ልክ እንደኔ ጡረተኛ።" 

የበዓሉ ዋዜማ፣ እሑድ፣ "አንቺ ልጅ፣ ነይ ሌባ ይዣለሁ!" ብለው ጠሩኝ። ፊታቸው ከስንት ጊዜ በኋላ በርቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ኢሜይል ከፍተዋል።

"ተመልከቺ። ከሃይድሮ የመጣ ለማስመሰል! 'ውድ ዘውዴ' ይላል፤ መሥሪያ ቤት ሽማግሌን ውድ ዘውዴ ብሎ ይጽፋል? የወጪ ቁጥር የለው፣ ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው። ደግሞ ብሎ ብሎ ለመፈረም እዚህ ጋ በጣትዎ ይጫኑ ይለኛል። ጣት! ፊደል ያልቆጠርኩ መሰልኩት እንዴ? ከመጣልኝ ቆይቷል፤ ዝም ብዬ አስቀምጬው ነው።"

አነበብኩት። የማመልከቻው ቁጥር የሳቸው ነው። አድራሻው የቤታቸው ነው። 

"ጋሽ ዘውዴ! ይኼ እኮ ፈቃዱ ነው! እስከ ነገ ማታ ድረስ ካልፈረሙ ፋይሉ ይዘጋል ይላል!"

"ማኅተም የለውም።"

"ማኅተም የሚባል ነገር የላቸውም!"

"እንግዲያው መሥሪያ ቤት አይደሉም!"

"በስመአብ! ቤትዎ ሊሸጥ ነው እኮ፣ ይጫኑት!"

"አልጫንም!" ብለው ጠረጴዛውን መቱ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። "ማኅተም የሌለው አንድ ወረቀት በእኔ እጅ አላለፈም! በዚያ ዘመን ማኅተሙ ሳይጣራ ያለፈ ወረቀት ሰው አስወስዶ ያስቀር ነበር፤ ታውቂያለሽ? አታውቂም!"

አንገቴን ደፋሁ።  ያን ሁሉ ዓመት ስንስቅበት የኖርነው ነገር ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ።

ቀና ስል ሕሊና በሩ ላይ ቆማለች። የበዓሉን ጣፋጭ ፓይ በአንድ እጇ፣ የቤት ደላላውን የሽያጭ ወረቀት በሌላው ይዛ። ጩኸቱን ሰምታ ነው የገባችው። ምንም ሳትል በአባቷ ትከሻ ላይ አጎንብሳ ኢሜይሉን አነበበች። የባንክ ሰው ናት፤ በአንድ አፍታ ገባት። እስከ ነገ ማታ አፏን ብትይዝ ቤቱ ይሸጣል፣ የፈለገችው ይሆናል። ፊቷን አያለሁ።

እትዬ ሙሉነሽ ከጓዳ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ብቅ አሉ። "ዘውዴ፣ አንተ መሥሪያ ቤት ሳለህ ወረቀት እንዴት ነበር የሚያልፈው?"

"ኃላፊው ራሱ አይቶ 'ይፈጸም' ብሎ ይመራዋል። ከዚያ በኋላ እኔ እፈጽማለሁ።"

"ኃላፊው ከመራው ያንተ ጥፋት ይሆናል?"

"የለም። ኃላፊነቱ የሱ ነው።"

"የዚህ ቤት ኃላፊ ማነው?"

ጋሽ ዘውዴ እኔን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። የሚያመልጡበት አጡ።

"አንቺ" አሉ ቀስ ብለው።

"በል ወረቀቱን አምጣው።"

ወረቀት የለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ጋሽ ዘውዴ ፕሪንተር መጠቀም አይችሉም፤ እኔም ሕሊናም እንዳንረዳቸው ተፈራርመናል።  ሕሊና ፓይዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ቃለ ጉባኤው ኮል እንዳላደርግ ነው የሚለው፤ ሰናይት ደግሞ ኢሜይል እንዳትጽፍ" አለች። "ስለ ፕሪንት ማድረግ የሚል ነገር የለውም።"

ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አደረጉና ቃለ ጉባኤውን ከመሳቢያ አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። "እውነትሽን ነው" አሉ። "አይከለክልም።"

ፕሪንት አደረገችው። እትዬ ሙሉነሽ ዘይት የቀረበትን ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው፣ ከላይ ጥግ ላይ በትልልቁ "ይፈጸም" ብለው ጻፉና ፈረሙ። ጋሽ ዘውዴ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቀለሙን እፍ አሉበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በዚያች በናቋት ጣት፣ ራሳቸው ተጫኑት። የደላላውን ወረቀት ሕሊና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቆጣሪው ተቀይሮ የሚበራበት ቀን ሲደርስ ኅዳር ገብቶ ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሁላችንም ጓሮ ወጣን። ጋሽ ዘውዴ "ይህ ማብሪያ ነው" የሚለው ጋ ሄደው ማብሪያውን ወደ ላይ ብድግ አደረጉት። ድምፅ የለ፣ ብልጭታ የለ፣ ምንም የለ።

"በቃ? ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው አባዬ" አለች ሕሊና። "እሺ፣ አሸንፈሃል። ቤቱ ያንተ ነው።"

"የእናትሽ ነው። አሁን በጽሑፍ ተረጋግጧል።" ከዚያ ወደ እሷ ሳያዩ፣ "አንቺስ እዚያ ሰማይ ላይ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? የላይኛው ክፍልሽ ባዶውን ነው ያለው" አሏት።

ሕሊና እንደ መሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን ሞላ። አባትና እናቷን ብቻቸውን መተው የፈራች ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ብቻዋን መሆን የመረራት እሷ መሆኗን አላሰብኩትም። "ብመጣ ትቀበሉኛላችሁ?" አለች።

ጋሽ ዘውዴ ከረባታቸውን አስተካከሉ። "ማመልከቻ አስገቢ። ይታያል።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በሳምንቱ ጽፋ መጣች። በእንግሊዝኛ ስለነበር "በሥራ ቋንቋ ይቅረብ" ብለው መለሱባት። እኔ ቤዝመንት ወርዳ፣ ፊደሉን እየጠየቀችኝ፣ በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛዋ እንደገና ጻፈችው። "ጉዳዩ፦ ወደ ቤት ስለመመለስ" ይላል። ጋሽ ዘውዴ ቆመው ተቀበሏት፤ ርዕሱን አነበቡና ወረቀቱን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉት። ጠበቅን፣ ጠበቅን። በመጨረሻ እትዬ ሙሉነሽ ሄደው በሩን አንኳኩ።

"ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ? ልጅቷ ቆማ እየጠበቀችህ ነው እኮ!"

"እየታየ ነው" አሉ ከውስጥ፣ እያለቀሱ።